ሽማግሌ የተላከበት ጎልፍ ተጫዋች

ተማም በጥር መጀመሪያ ቶሮንቶ ካለው ሰፈሩ ከፍሌሚንግደን ፓርክ ሲነሳ ሰፈሩ የሸኘው ሐጅ እንደሚሄድ ሰው ነው። ከሁለቱ ሊፍቶች አንዱ እንደ ልማዱ ተበላሽቶ ስለነበር፣ የቀረው ሊፍት እሱን፣ ሻንጣውን፣ ሚስቱን ሰፊያን፣ ልጁን ሪምንና ሊሸኝ የወጣውን ጎረቤት ሁሉ ለማውረድ ሲመላለስ ቆየ። አንዷ ጎረቤት ቆሎ በላስቲክ ቋጥራ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ለካሊፎርኒያ መንገድ ቆሎ! ሌላው «በቲቪ እናይሃለን አይደል?» እያለ ትከሻውን ይመታዋል። ተማም የሃምሳ አራት ዓመት ሰው መሆኑን ረስቶ ጥርሱን መክደን አቅቶት ነበር።

የሚሄደው ዱላ ሊሸከም ነው። እንዲህ ሲባል ደግሞ አያምርም፤ ሰፊያ ለዘመዶቿ «የተጫዋች አማካሪ ሆኗል» እያለች ያወራችውም ለዚሁ ነው። ሙሉ በሙሉም አልዋሸችም። ጎልፍን ሙያቸው ያደረጉ ወንዶች እያንዳንዳቸው አንድ ካዲ አላቸው። ካዲው ሃያ ኪሎ የሚሆነውን የዱላ ከረጢት ይሸከማል፣ ርቀት ይለካል፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ያያል፣ «በየቱ ዱላ ልምታ?» ሲባል ሐሳብ ይሰጣል፣ ተጫዋቹ በገዛ እጁ ሲያበላሽ ቁጣውን ይውጣል። ሲዝኑ ከጥር እስከ ነሐሴ ነው፤ በየሳምንቱ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሜዳ። ከሐሙስ እስከ እሑድ ይጫወታሉ፤ ዓርብ ሲመሽ ግን ግማሹ ተጫዋች ውጤትህ አልበቃም ተብሎ ይቆረጥና ባዶ እጁን ይሸኛል፤ ካዲውም አብሮት።

ተጫዋቹ ሊዮ ይባላል። ተማም ከዶን ሸለቆ በላይ ባለ አንድ የሀብታሞች ክለብ ውስጥ የአባላቱን ዱላ እየወለወለና እየደረደረ ዕድሜውን ሲገፋ፣ ሊዮ አባቱን ተከትሎ የሚመጣ ብላቴና ነበር። ተማም በወጣትነቱ አዲስ አበባ፣ አሮጌው ኤርፖርት ባለው የጎልፍ ሜዳ የዲፕሎማቶችን ዱላ ተሸክሟልና ጨዋታው አዲሱ አይደለም። ልጁ ከፍ ሲል የልጁን ከረጢት መሸከም ጀመረ። በዝናብ ተሸክሞለታል፤ ሲሸነፍ አባብሎታል፤ አባቱ በሰው ፊት ሲቆጣው መሃል ገብቶለታል። «ተማም» ማለት ስለከበደው ሊዮ «ቲ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ተማምም በሆዱ «ልጄ» ነው የሚለው። ባለፈው መኸር ሊዮ በትልቁ የወንዶች ውድድር ለአንድ ሲዝን የሚያጫውተውን ፈቃድ ሲያገኝ፣ ቀጥ ብሎ ዱላ ማስቀመጫው ክፍል ድረስ መጣና «ቲ፣ ካንተ በቀር ማንም አይሸከምልኝም» አለው። ተማም እንባው ዱብ አለ። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ «ፈቃድ ሙላ፣ ቦታህን እንጠብቅልህ» ቢለው «ልጄ ጠርቶኛል፣ ምን ልመለስ ነው» ብሎ ሥራውን ለቀቀ። እንዲህ ያለ ሞኝነት የሚሠራው ሰው ደስ ሲለው ነው።

ከካሊፎርኒያውም ከፍሎሪዳውም በላይ ግን ልቡን ያንጠለጠለው ሰኔ ነበር። በሰኔ መጀመሪያ ውድድሩ ወደ ቶሮንቶ ይመጣል። ካዲዎች ጀርባው ላይ የተጫዋቹ ስም የተጻፈበት ሰደርያ ለብሰው ከተጫዋቹ ጎን በሣሩ መሃል ይሄዳሉ፤ ተመልካቹ ከግራና ከቀኝ በተወጠረው ገመድ ውጪ ቆሞ ያጨበጭባል። ሰፊያና ሪም፣ የጁምዓ ጓደኞቹ፣ ክረምት ከበጋ አብሯቸው አውቶቡስ የጠበቃቸው ሰዎች ሁሉ ከገመዱ ውጪ ቆመው እሱ በውስጥ ሲያልፍ ሊያዩት ነው። ተማም በዚህ አገር ሃያ ሁለት ዓመት ሲኖር ከውጪ ሆኖ ያላየው ነገር የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ከውስጥ ሆኖ መታየት ፈለገ። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ሁሉም ግን ያውቅለታል።

ሲዝኑ ክፉ አልጀመረም። ሊዮ ሁለት ሳምንት ተቆረጠ፣ በሦስተኛው አሪዞና ላይ እስከ እሑድ ቆየ። ከዚያ ረመዳን ገባ። ሰፊያ በስልክ «መንገደኛ ነህ፣ አላህ ራሱ ፈቅዶልሃል፤ ብላና ያመለጠህን በኋላ ጾመህ ቀዳ ታወጣለህ» ብላው ተስማምቶ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጾመና ሊተወው ሲል፣ ሊዮ ፍሎሪዳ ላይ ማይክራፎን ሲደቀንበት «ካዲዬ በዚህ ሙቀት ውሃ ሳይቀምስ ነው የሚሸከምልኝ፤ ጀግናዬ እሱ ነው» ብሎ ተናገረ። ነገሩ በየስልኩ ዞረ። ፍሌሚንግደን ፓርክም ደረሰ።

«እንግዲህ እንዴት ብዬ ነው የምበላው?» አላት ለሰፊያ። «ልጁ በቲቪ ተናግሮልኝ የለ?»

«ለአላህ ነው የምትጾመው ለካሜራ?»

ወሩን ሙሉ ጾመ። ምላሱ ከትናጋው እየተጣበቀ፣ ጉልበቱ እየከዳው፣ ያን ከረጢት እየጎተተ። ሊዮ በየቀኑ ጀርባውን መታ መታ አድርጎ «አንተ እኮ ብረት ነህ» ይለዋል። ተማም ይህችን ቃል ሰንቆ ይውል ነበር።

በሚያዝያ ቴክሳስ ላይ የሆነው ግን የእሱ ጥፋት ነው፤ አይካድም። ዓርብ ነው፣ ሊጨርሱ ሁለት ጉድጓድ ቀርቷቸዋል፣ ከፊታቸው ኩሬ አለ። ዱላዎቹ በቁጥር ይጠራሉ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኳሱ ይርቃል። ሊዮ «ስድስት ወይስ አምስት?» አለው። ተማም ሣር ነጭቶ በተነና «ስድስት» አለ። ነፋሱ በመሃል መዞሩን አላስተዋለም። ኳሱ ኩሬው ውስጥ ገባ፤ ሊዮ በአንድ ምት ተቆረጠ። ተማም ይቅርታ ሊጠይቅ ጀመረ። ሊዮ ግን አቀፈውና «የመታሁት እኔ ነኝ ቲ፣ ባንተ ምንም የለም» አለው። ተማም ይህን አመነ። «ምን ዓይነት የጨዋ ልጅ ነው!» እያለ ለሰፊያ አወራላት።

የጨዋው ልጅ ስልክ የመጣው በግንቦት፣ ሊዮ ባረፈበት ሳምንት ነው። ተማም ጎረቤት ሰፈር፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ ሥጋ ቤት ተሰልፎ ነበር። ሊዮ «እወድሃለሁ» ብሎ ጀመረ። «አንተ ቤተሰቤ ነህ» አለ። ስለ ጤንነቱ እንደሚጨነቅ፣ በረመዳን እንዴት ሲንገዳገድ እንደነበር ከዓይኑ እንዳልጠፋ፣ ማኔጀሩም ከእሱ ጋር እንደተስማማ፣ አዲስ ዓይን እንደሚያስፈልገው፣ ይህም ስለ ተማም ምንም ማለት እንዳልሆነ ዘረዘረ። ተማም እያንዳንዱን «እሺ፣ እሺ» እያለ ተቀበለ። መባረሩ የገባው ሊዮ «ስላደረግክልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ» ሲለው ነው። ምን ብሎ መለሰ መሰላችሁ? «እኔም አመሰግናለሁ» አለ። የጾመለትን ጾም ምክንያት አድርጎ ያባረረውን ሰው አመስግኖ ስልኩን ዘጋ። ሥጋ ሻጩ «ምን ልቁረጥልህ?» ሲለው ትቶት ወጣ።

ሰፊያ ስትሰማ ደሟ ፈላ። ያን ቀን ተማም ወደ ክለቡ ቢደውል ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል። ለሰኔው ውድድር የቀረው ደግሞ ሁለት ሳምንት ነው። ጭራሽ በዚያው ሰሞን ሐጂ ሙሀጅር ደወሉ፤ «መኪና የምናቆመው የት ነው? ልናይህ እኮ እየተሰናዳን ነው» ለማለት። ሰፊያ ስልኩን ከተማም እጅ ነጥቃ ሁሉንም ዘረገፈችው።

ሐጂ ሙሀጅር ዕድሜያቸውን መሃል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከሰባ ያለፉ ሰው ናቸው። እውነተኛ ሥራቸው ግን ማስታረቅ ነው። ባልና ሚስት፣ የምግብ ቤት ሸሪኮች፣ በአንድ ታክሲ የተጣሉ ሁለት ሹፌሮች፤ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ሐበሻ ተጣላ ከተባለ ሐጂ አሉ። ከፊታቸው ሳይታረቅ የተነሳ ሰው የለም ይባላል። ደጃፉን ወጥቶ እንደገና የተጣላው ግን አይቆጠርም።

«ይሄ ፈረንጅ እነሱ አገር እንደሚያውቀው ጸብ በስልክ ያልቃል ብሎ ነው» አሉ ሐጂ፣ ተማም ቤት መጥተው። «ልጅ አድርገህ አሳድገኸዋል። አባትና ልጅ በስልክ አይለያዩም። ሽማግሌ እንልክበታለን።»

ሶፋ ላይ ስልኳን ስትነካካ የነበረችው ሪም ቀና አለች። «ባባ፣ ፕሊስ፣ እንዳትልኳቸው። ሂ ፋየርድ ዩ፣ አባረረህ እኮ። ሽማግሌ ምን ያደርጋል? ኢትስ ኤምባራሲንግ፣ ያሳፍራል!»

«አንቺ ዝም በይ» አላት። ልጅቷ ትክክል መሆኗ አልጠፋውም። ነገር ግን ሐጂ «እንልክበታለን» ሲሉ ልቡ ድንገት ሞቅ ብሎት ነበር። ለእሱ ሲል ሰው ካፖርቱን ለብሶ ሊሄድ ነው። ተበዳይ ነህ ሊባል ነው። ከሥራውም በላይ ይህ ናፍቆት ኖሯል።

ከውድድሩ በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስት ሽማግሌዎችና ተማም ተሰባስበው በዋለልኝ መኪና ሄዱ። ዋለልኝ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ እንግሊዝኛው ጥሩ ስለሆነ አስተርጓሚ እንዲሆን የተመረጠ። ሦስተኛው ባለ ሱቁ ኸይረዲን ነው፤ ሲናገር ብዙ የማይሰማ፣ ለቁጥር ማሟያ የሚሄድ ሰው። ሊዮ ለውድድሩ ሳምንት ወላጆቹ ቤት ማረፉን ተማም ያውቃል። መንገድ ላይ ሐጂ ከፊት ወንበር ዞር አሉና አስጠነቀቁ።

«ስማ ዋለልኝ። ስለ ሥራው እንዳታነሳ።»

«እንዴ ሐጂ፣ የምንሄደው ለሱ አይደል እንዴ?»

«የምንሄደው ለልቡ ነው። እርቅ ላይ ተቀምጦ ስለ እንጀራ ማውራት ነውር ነው፤ ለገንዘብ ብለው መጡ ያስብለናል። ልቡ ከተመለሰ ቦታው የት ይሄዳል? ራሱ ነው ና ተሸከምልኝ የሚለው።»

ዋለልኝ በመስታወቱ ተማምን አየው። ተማም «የለም፣ ሥራውን አንሡልኝ፤ እኔ የምፈልገው እሱን ነው» ማለት ይችል ነበር። አፉ ላይ ደርሶም ነበር። ነገር ግን ሦስት ትልልቅ ሰዎች ቅዳሜያቸውን ሰውተውለት የእሱን ክብር ሊጠብቁ ሲሄዱ፣ እንዴት ብሎ ስለ ደሞዝ ይለምን? ሐጂ ትክክል ናቸው ብሎ ለራሱ ነገረው። አጉል ይሉኝታ ማለት ይህ ነው፤ ሰውን አንገቱን አንቆ ደግሞ «ጨዋ ነህ» ይለዋል።

ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ተማም በወጉ መሠረት መኪናው ውስጥ ቀረ። ቤቱ ትልቅ የሳሎን መስኮት ስለነበረው ድምፁ አይሰማ እንጂ ሁሉም ይታያል። ሊዮ ባዶ እግሩን ነው። ወንበር ይስባል፤ ሦስቱ ግን «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ተገትረዋል። ሊዮ እናቱን ይጠራል። እናቱ መጥታ እሷም ቆመች። ዋለልኝ በእጁ ወደ ደረቱ እያመለከተ ብዙ አወራ። ከዚያ ሊዮ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲያነሳው ሐጂን አቀፋቸው። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ሲያደርጉ ሊዮም ትሪ እንደሚቀበል ሰው ሁለት እጁን ዘረጋ። ተማም መኪናው ውስጥ ብቻውን አለቀሰ።

ዋለልኝ መጥቶ ጠራው። ሲገባ ሊዮ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ቲ፣ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ያደረገልኝ ሰው የለም» አለው። ከልቡ ነው። ይህን የሚጠራጠር የለም፤ ክፉ ቢሆንማ ነገሩ በቀለለ። ሐጂ «በሉ፣ ተሳሳሙ» አሉ። ተሳሳሙ። የሊዮ እናት ውሃ በጠርሙስ አመጣች፤ ጉሮሮ የሚያቃጥለውን ዓይነት። ተማም ከሊዮ ጎን ተቀምጦ ጥያቄው አንደበቱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሰኞ ስንት ሰዓት ልምጣ? አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ሐጂ በኩራት እያዩት ነበር። ጥያቄውን ከውሃው ጋር ዋጠው።

መኪና ውስጥ ግን አልቻለም። «ስለ ሥራው... እሱ ራሱ ምንም አላለም?»

«አንተ ሰው!» አሉ ሐጂ፣ ተከፍተው። «አሁን ዱዓ አድርገን ሳንጨርስ? ሰኞ ሂድና ሥራህን ጀምር፤ አከተመ።»

ሰኞ ማለዳ ተማም ካኪ ሱሪውን አስተኩሶ ሄደ። አውቶቡስ፣ ሰብዌይ፣ ከዚያ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ሜዳ የሚወስድ ሌላ አውቶቡስ። ካዲዎች በሚመዘገቡበት ድንኳን ያለችው ወጣት በፈገግታ «ለሊዮ የተመዘገበ ካዲ አለ» አለችው። «እኔ ነኝ» አላት። «አይደለህም፣ ይቅርታ» አለችው፤ አሁንም በፈገግታ።

ልምምድ ቦታውን ከአጥሩ ባሻገር ሲያይ ሊዮ ኳስ ይመታል። ጎኑ አንድ ቀይ ፂም ያለው ጎልማሳ ከረጢቱን ደግፎ ቆሟል። ሊዮ ሲያየው እየሮጠ መጥቶ በአጥሩ ላይ አቀፈው።

«ቲ! መጣህልኝ! ናማ» ብሎ ቀይ ፂሙን ጠራው። «ይሄ ነው ስለሱ የነገርኩህ። ጎልፍ ያስተማረኝ ሰው።»

ቀይ ፂሙ በትሕትና ጨበጠው። ሊዮ ቀጠለ፤ ቅዳሜ የስልክ ቁጥሩን ለሰጠው ለዋለልኝ የሐሙስ ትኬት ልኮለታል፤ ለሽማግሌዎቹም ለተማምም፣ ምሳው ሳይቀር የተከፈለ። «እነሱ ሰዎች ቢመጡልኝ ደስታዬን አልችለውም። ደስ አይልም?»

«ደስ ይላል» አለ ተማም። ያንኑ ሁሉ አውቶቡስ መልሶ ተሳፍሮ ቤቱ ገባ።

ሰፊያ «አሁኑኑ ለሐጂ ደውልና እቅጩን ንገራቸው» አለችው። ደወለ። ሐጂ አፉን እንኳ አላስከፈቱትም፤ «ትኬቱ መጣ እኮ! አላልኩህም? አየህ የታረቀ ልብ? ሐሙስ ከሜዳው እንገናኝ» ብለው እየሳቁ ዘጉት። መልሶ አልደወለም።

ሐሙስ ቀድሟቸው ሄዶ የመጀመሪያው ጉድጓድ አጠገብ፣ ከገመዱ ውጪ፣ ከሕዝቡ ጋር ተጋፍቶ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ከሩቅ ይታያሉ። ሐጂ የዒድ ካፖርታቸውንና ነጭ ቆባቸውን አድርገዋል፤ ኸይረዲን ከረቫት አስሯል። ተማምን እሰው መሃል ሲያዩት ሐጂ ፊታቸው ተለወጠ።

«ምን ታደርጋለህ እዚህ? ሰደርያህስ?»

«ሌላ ሰው ይዟል፣ ሐጂ። ቀድሞም ሌላ ሰው ይዞ ነበር።»

ሐጂ ገና ሳይመልሱ ጭብጨባው ደመቀ። ሊዮ ብቅ አለ፤ ከኋላው ቀይ ፂሙ፣ በጀርባው የሊዮ ስም። ሊዮ የሐጂን ነጭ ቆብ ሲያይ ጉዞውን አቋርጦ በገመዱ ስር አጎንብሶ መጣና፣ ሐጂን በሁለት እጁ ጨብጦ ጎንበስ አለላቸው። ይህን ቅዳሜ ዕለት ሽማግሌዎቹ ሲያደርጉ አይቶ የያዘው ነው። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየ። ካሜራም ቀረጸ። ለተማም ትከሻውን መታ መታ አደረገለትና ተመለሰ።

የሐጂ ዓይን እንባ አቅርሯል። ከዚያ ወደ ተማም ዞሩ።

«ይሄን ልጅ ምን አልከው?»

«ምንም አላልኩትም።»

«ከቅዳሜ ወዲህ አንድ ነገር ብለኸዋል። ሰኞ ሄደህ አኩርፈህበታል። ይሄው እኔን ሽማግሌውን በዓለም ፊት ጎንበስ ብሎ ያከበረ ልጅ፣ ልቡ ባይጠራ ያደርገዋል? ዱዓ ላይ እጁን ዘርግቶ ተቀምጦ አልነበረም? እሱ ታርቋል። ያልታረቅከው አንተ ነህ!»

«ሐጂ፣ ስለ ሥራው እኮ አልጠየቃችሁትም። እኔም አልጠየቅኩትም። እሱ ያሰበው...»

«አሁንም ሥራ!» አሉ ሐጂ፣ እጃቸውን እያራገፉ። ኸይረዲን ከንፈሩን መጠጠ። ዋለልኝ ብቻ መሬት መሬቱን ያያል።

ቀኑን ሙሉ ሊዮን ተከትለው ዞሩ። ተማም ከኋላ ከኋላ እንደ እንግዳ ይከተላል። ሊዮ ደግሞ ያን ቀን የተጫወተውን ጨዋታ በሲዝኑ አልተጫወተውም። ኳሱ እሱ ወዳለመበት ሁሉ ይሄድለታል፤ ቀይ ፂሙ አንድ ቃል ይናገራል፣ ሊዮ ይስቃል፣ ይመታል። ከሰዓት በኋላ ስሙ ከመሪዎቹ መሃል ወጣ። «አያችሁ የእርቅ በረከት?» ይላሉ ሐጂ። ተማም ጥርሱን ነክሶ ኳሱ ኩሬ እንዲገባ ለመነ፤ በዚህም ራሱን ጠላ፤ ኳሱም አልገባለትም።

ሲጨርሱ ተጫዋቾች ለሕዝቡ በሚፈርሙበት አጥር ላይ ሐጂ የተማምን እጅ አንጓ ይዘው ከፊት አቆሙት። «በል፣ ያስቀየምከውን ይቅርታ ጠይቀው። እኛ ፊት። ነገሩ እዚሁ ይለቅ።»

«ሐጂ፣ እኔ እኮ ነኝ የተበደልኩት» አለ ተማም። ድምፁ ቀጭን ነበር።

«ለኔ ስትል።»

እንግዲህ «ለኔ ስትል» ከተባለ ምን ይደረጋል? እምቢ ቢል በነገው ጁምዓ የሚወራው ሽማግሌ አዋረደ ተብሎ ነው። እሺ ቢልም የሚወራው ጥፋተኛ ነበር ተብሎ ነው። ሊዮ ኳስና ቆብ እየፈረመ ደረሰ፤ ፊቱ በፀሐይና በደስታ ቀልቷል። ተማም አንገቱን ደፍቶ በእንግሊዝኛ «ይቅርታ አድርግልኝ» አለው።

«ለምኑ?» አለ ሊዮ፣ እየሳቀ። «ምንም ችግር የለም ቲ! ምንም!» ጉንጩን ሳመውና ወደሚቀጥለው ሰው እስኪርቢቶውን ይዞ አለፈ።

ሐጂ በጉጉት ወደ ዋለልኝ ዞሩ። «ምን አለው?»

ዋለልኝ ተማምን ቀና ብሎ አየውና ዓይኑን መልሶ ሰበረ።

«ይቅር ብሎታል» አለ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሐጂ ሙሀጅር፣ መዳፋቸውን ዘርግተው። ኸይረዲንም ዘረጋ። ሦስቱም ተማምን ጠበቁት። ተማም እጁን ዘርግቶ «አሚን» አለ።